የድረ ገፅ ቴክኖሎጂ ሲመረጥ የመውጫው ዋጋም ይታሰብ

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” እንዲሉ፣ ድረ ገፁን እንደገና ሊያሠራ የተነሳ ድርጅት ስለ መልኩና ስለ ማሠሪያ ዋጋው ከመጨነቁ በፊት ሊያጤነው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም የአንድ ቴክኖሎጂ እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ሲገዛ ሳይሆን፣ በየጊዜው ሲጠገንና በመጨረሻም ሲለቀቅ መሆኑ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ኤምዲኤን የተባለው ድረ ገፅ ያለፈበት መንገድ ነው።

ኤምዲኤንን የሚያስተዳድረው ፋየርፎክስ የተሰኘውን የኢንተርኔት ማሰሻ የሚያዘጋጀው ሞዚላ ነው። የድረ ገፅ ባለሙያዎች ኤችቲኤምኤልን፣ ሲኤስኤስንና ጃቫስክሪፕትን የሚማሩት በዚሁ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው ክፍል ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ገፆች አሉት። ጽሑፎቹን ደመወዝተኞችና በጎ ፈቃደኞች በጋራ ያዘጋጇቸዋል። የሚሠራበት ሶፍትዌርም “ኦፕን ሶርስ” በመሆኑ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ይሁን እንጂ የፈቃድ ክፍያ ቀረ ማለት ወጪ ቀረ ማለት አይደለም። የባለሙያ ደመወዝ፣ የሰርቨር ኪራይና የጥገና ወጪ ባሉበት ይቆያሉ።

ከቤት ወደ ቤት

ድረ ገፁ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲከፈት ይሠራ የነበረው ውክፔዲያ በሚጠቀምበት ሚዲያዊኪ ነበር። በ2008 ዴኪ ወደተባለ ሌላ ሶፍትዌር ተዛወረ። በ2012 ደግሞ ሞዚላ ራሱ ወዳዘጋጀው፣ በፓይተን ቋንቋ ወደተጻፈው ኩማ ገባ። በእነዚህ ዝውውሮች ጽሑፉን ለአዲሱ ቤት እንዲስማማ አድርጎ መለወጥ ግድ ነበር። በኢኮኖሚክስ ይህ “የመሸጋገሪያ ወጪ” ይባላል። በግዢ ውል ላይ ባይጻፍም በገንዘብና በጊዜ የሚከፈል ዕዳ ነው።

በዲሴምበር 2020 ኤምዲኤን ኩማን ትቶ ያሪ ወደተባለ አዲስ ሥርዓት ተሸጋገረ። ከለውጦቹ መካከል ሦስቱ ለነጋዴም ትምህርት ይሆናሉ።

አንደኛ፣ ጽሑፉ ከመረጃ ቋት ወጥቶ ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማከማቻ በተራ ፋይሎች ተቀመጠ። በኩማ ዘመን አንድ ተሳታፊ ያረመው ጽሑፍ ወዲያውኑ ለሕዝብ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውም እርማት ከመውጣቱ በፊት በሌላ ሰው ይታያል።

ሁለተኛ፣ ገፆቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው መቀመጥ ጀመሩ። ነገሩን በእንጀራ መመሰል ይቻላል። አንደኛው ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ምጣድ ይጥዳል፤ ሌላው ጠዋት ጋግሮ በመሶብ አኑሮ ይጠብቃል። እንግዳ ሲበዛ የማይጨናነቀው ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛ፣ ያሪ የተሠራው በጃቫስክሪፕት ነው። ይህ የኤምዲኤን አንባቢዎች ዕለት ተዕለት የሚሠሩበት ቋንቋ በመሆኑ፣ ጥገናውን ለማገዝ የሚችለው ሰው ቁጥር ሰፋ። ይህ የሰው ኃይል አቅርቦት ጉዳይ ነው። ሞዚላ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር 250 ያህል ሠራተኞችን መቀነሱን ለሚያስታውስ፣ በጥቂት እጅ የሚጠገን ሥርዓት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት አያዳግትም።

ምርጫው ያስከፈለው

ውሳኔው ያለ ኪሳራ አልተፈጸመም። ቀድሞ እዚያው ገፁ ላይ ይጽፍ የነበረ በጎ ፈቃደኛ የጊትሀብን አሠራር መማር ግድ ሆነበት። የትርጉም ገፆችም ለጊዜው እንዳይታረሙ ታገዱ። በ2021 ተንከባካቢ ቡድን የተገኘላቸው ጥቂት ቋንቋዎች ሲከፈቱ፣ ያልተገኘላቸው ብዙዎቹ ከድረ ገፁ ተነሱ።

ትርፉ ጎልቶ የታየው ቆይቶ ነው። በ2025 ያሪ ራሱ በሌላ ሥርዓት ሲተካ፣ ጽሑፉ በፋይል መልክ ለብቻው ተቀምጦ ስለነበር ከመጋዘኑ መነቀል አላስፈለገውም። ተሸከርካሪው ተለወጠ፤ ጭነቱ ግን ባለበት ቆየ።

ነጋዴው ምን ይጠይቅ?

ይህ ማለት ሁሉም ሰው የኤምዲኤንን መንገድ ይከተል ማለት አይደለም። ዋጋው በየደቂቃው የሚለዋወጥ ዕቃ የሚሸጥ ወይም ትዕዛዝና ክፍያ የሚቀበል ድርጅት ያለ መረጃ ቋት ሊሠራ አይችልም። የድርጅቱን ታሪክ፣ አድራሻና የሚሸጣቸውን ዕቃዎች ዓይነት ብቻ ለሚያሳይ ነጋዴ ግን ውስብስብ ሥርዓት መግዛት፣ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ መኪና እንደ መከራየት ይቆጠራል።

ስለሆነም ውል ከመፈረሙ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ይገባል። ሠሪው ባለሙያ ነገ ቢለቅ ሥራውን የሚረከብ ሌላ ሰው በገበያው በቀላሉ ይገኛል ወይ? የሥርዓቱ ማደሻና ማስቀመጫ በየዓመቱ ስንት ያስወጣል? ድርጅቱ ሠሪውን ወይም ሶፍትዌሩን ቢለውጥ፣ ጽሑፉን፣ ሥዕሉንና የደንበኞቹን መዝገብ በሌላ ሥርዓት በሚነበብ መልክ ይዞ መውጣት ይችላል ወይ?

ሦስተኛው መልስ በቃል ብቻ መቅረት የለበትም። ርክክቡ በምን ዓይነት ፋይልና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈጸም በውሉ ውስጥ መስፈር አለበት። የድረ ገፁ ስምም በሠሪው ሳይሆን በድርጅቱ ስም መመዝገቡ አስቀድሞ ይረጋገጥ። አለበለዚያ በርካሽ የተሠራ ድረ ገፅ በሚለቀቅበት ዕለት ከሁሉ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።