ስለ መኪና ምን ላንብብ?

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ አይሱዙ ላይ በረዳትነት እሠራለሁ። ስለ መኪና የተጻፈ መጽሐፍ ይጠቁሙኝ። መኪናችን ሸዋ ሮቢት ላይ ደህና ሄዶ ጣርማ በር ሲደርስ ለምን ይደክማል?

መልስ፦ ታሪክ ከወደዱ፣ በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ገብቶ ለዐፄ ምኒልክ አበርክቷል። የዚያን ጉዞ ታሪክ ክሊፎርድ ሃሌ በእንግሊዝኛ ጽፎት በ1913 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚያው ሰሞን መኪና ያመጣው ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም የራሱን ጽፏል። ግን ሁለቱም ሞተር መፍታት አያስተምሩም። ለሥራዎ የሚበጀው የመኪናው የጥገና መመሪያ ነው፤ የስንቱ ሹፌር መመሪያ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ኪስ ውስጥ ያረጃል!

ወደ ዳገቱ ስንመለስ፣ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ናፍጣውን በደንብ ለማቃጠል የሚበቃ ኦክስጅን ያጥረዋል። ቱርቦ ያለው መኪና ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል። ጥቁር ጭስ ከበዛ ግን ከፍታውን ብቻ አይውቀሱ፤ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ይዩት። የመንዝ መንገድ አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል።

ከዳገቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ሹፌሩ ማርሹን መቀነስ ያለበት መውረድ ሳይጀምር ነው። ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመነ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ፔዳሉን እስከ ታች ቢረግጡትም አይዝም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ አመቺ ቦታ ቁሙና እስኪበርድ ጠብቁ፤ ውኃ አይድፉበት።