መድኃኒቱን የደበቀስ?

እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነኝ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለ መድኃኒት አወሳሰድና ስለ ፋርማሲ ባለሙያ ምክር ላጫውታችሁ ነው። “ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ይሆናል? ክኒን መዋጥ ማን ያቅተዋል?” እንዳትሉኝ። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። ይህን ተረት ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም፤ በክበባችን ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። እኔ ግን ከደረሰብኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨመርኩበት፦ መድኃኒቱን የደበቀስ?

የራሴ ታሪክ

እኔ ከኤች አይ ቪ ጋር ነው የተወለድኩት። እናቴ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ስለሆነ መድኃኒቱን በሕፃንነቴ አገኘሁ፤ ይኸው ለ12ኛ ክፍል በቃሁ። አሁን የምወስደው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የሚባሉ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የተዋሃዱበትን አንድ ክኒን ነው። ሁልጊዜ ማታ 3 ሰዓት ላይ እወስዳለሁ፤ የአክስቴ ስልክ ሲጮህ ሰዓቱ እንደ ደረሰ አውቃለሁ።

ስሜን አልጻፍኩም። ከአክስቴና ከጤና ባለሙያዎቹ በስተቀር ስለ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። በክበባችን ስለ አድሎና መገለል ስንወያይ ከሁሉ በላይ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ስለ ራሴ ሲሆን ግን አፌ ይታሰራል። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ የፈተና ሰሞን ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ጀመር። በተለይ ማታ ማታ ቃሩ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገድ ላይ ወዳለ መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያ የሚሰማኝን ካዳመጠ በኋላ፣ “ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?” ብሎ ጠየቀኝ። ዘወር ስል ሁለት የክፍሌ ልጆች ከኋላዬ ቆመዋል። “የለም!” አልኩት፤ ጥያቄውን እንኳ በደንብ ሳያስጨርሰኝ አልቀረም።

የሚታኘክ የጨጓራ ክኒን ሰጠኝና፣ “በአንድ ሁለት ሳምንት ካልተሻለህ ዝም ብለህ እንዳትገዛ፤ ተመርመር” አለኝ። እኔ ግን ሲያልቅብኝ ከሌላ መድኃኒት ቤት እየገዛሁ አራት ወር ያህል ቀጠልኩ። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን አንዱን አኝኬ፣ ሌላውን በዚያው ውሃ አወራርዳለሁ። ቃሩ ቀለል ሲልልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

“አፍህ ገብቷል፤ ደምህ ግን ገብቷል ወይ?”

ከዚያ የቫይረስ መጠን ምርመራ ቀጠሮዬ ደረሰ። ለዓመታት ቫይረሱ በደሜ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ነበር። የዚያን ቀን ውጤት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከአንድ ሺህ ኮፒ በላይ ሆኖ መጣ። ክሊኒኩ ውስጥ የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ “ስንት ቀን ዘለልክ?” አንድም ቀን አልዘለልኩም ብዬ ማልኩ። አክስቴ እየሰማች ዝም አለች። ቤት ስንገባ ግን፣ “እኔን አትዋሸኝ እንጂ!” ብላ አለቀሰች። ወገኖቼ፣ እውነት እየተናገሩ አለመታመን ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

በሳምንቱ ወደ ፋርማሲ ክፍሉ ተላክሁ። ፋርማሲስቷ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝና ይዤ የመጣሁትን ዕቃ ተቀበለችኝ። ክኒኖቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ከተሰጠኝ ቀን ጋር አስተያየችና፣ “ቆጠራው ልክ ነው። አልዋሸህም” አለችኝ። እንባዬ መጣ። ቀጥላም፣ “እንግዲህ መድኃኒቱ አፍህ ገብቷል፤ ደምህ ግን ገብቷል ወይ? አሁን አብረን የምንፈልገው እሱን ነው” አለች።

ጥያቄዋ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። “መድኃኒት ትወስዳለህ?” ብላ አላቆመችም። “መድኃኒት ነው ብለህ ባታስበውም አፍህ የሚገባ ነገር አለ? ሽሮፕ? የሚታኘክ? ቫይታሚን? የደም ማነስ ክኒን? የባህል መድኃኒት? ከሱቅ የምትገዛው?” እያለች ዘረዘረችልኝ። “የሚታኘክ” ስትል የጨጓራው ክኒን ትዝ አለኝ። እኔ እኮ እንደ መድኃኒትም አልቆጠርኩትም ነበር!

ነገሩን ስነግራት ራሷን ነቀነቀችና በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። ቃርን የሚያበርደው አንታሲድ የሚባለው ክኒን በውስጡ ማግኒዥየምና አልሙኒየም አለው። በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የምናውቃቸው እነዚያው ናቸው። ዶሉቴግራቪር ሆድ ውስጥ ከእነሱ ጋር ሲገናኝ ይጣበቅባቸዋል። የተጣበቀው መድኃኒት የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ወደ ደም መግባት ስለማይችል ከሰገራ ጋር ይወጣል። የደም ማነስ ላለበት ሰው የሚሰጠው የአይረን ክኒንና ካልሲየምም በባዶ ሆድ አብረው ሲወሰዱ እንደዚሁ ያደርጋሉ። ደም ውስጥ ያለው መድኃኒት ሲያንስ ቫይረሱ ፋታ አግኝቶ ይራባል፤ ነገሩ ከቀጠለም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

“ታዲያ ጨጓራዬን ልሙትበት?” አልኳት። ሳቀች። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ዶሉቴግራቪር ያለበትን ክኒን አንታሲዱን ከመውሰድ 2 ሰዓት ቀድሞ፣ አለዚያም አንታሲዱ ከተወሰደ 6 ሰዓት ቆይቶ መውሰድ ነው። አይረንና ካልሲየም ከሆኑ ደግሞ ይህንኑ ሰዓት መጠበቅ፣ ወይም ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል። ደግሞም አራት ወር ሙሉ የሚያቃጥል ጨጓራ በሚታኘክ ክኒን የሚታለፍ ስላልሆነ ሐኪም እንዲያየኝ ላከችኝ።

ለሦስት ወር የምክር አገልግሎት እየተሰጠኝ ቆየሁ። ከዚያ ምርመራው ሲደገም ቫይረሱ እንደ ድሮው በምርመራ የማይታይ ሆነ። ይህ ለእኔ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ነገ ትዳር መሥርቶ ልጅ መውለድ ለሚያስብ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ደግሞ በአንዲት “የለም!” በምትል ቃል ላጣው ነበር።

ይህ ነገር እኔን ብቻ የሚመለከት አይደለም

“እኛ ቫይረሱ የለብንም፤ ምን አገባን?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እስቲ ከሠፈርና ከክፍል የምናውቃቸውን ነገሮች እንመልከት።

ጉሮሮው ያመመው ልጅ ጓደኛው የተረፈውን አሞክሳሲሊን ሲሰጠው ሁለት ሦስት ፍሬ ውጦ ይተዋል። ጉሮሮን ብዙ ጊዜ የሚያሳምመው ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ሲሆን አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይገድልም። ባክቴሪያ ቢሆን እንኳ ጀምሮ ማቋረጥ ጀርሙን መድኃኒት ያላምደዋል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ከሆነ ደግሞ አንድ ፍሬ አሞክሳሲሊን ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል።

ሌላው የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ ሽንቱ ብርቱካናማ ሲሆንበት “ደም ነው” ብሎ ደንግጦ ያቋርጣል። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ሽንትን፣ ላብንና እንባን ማቅለሙ የታወቀ ነው፤ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ባላቋረጠ። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ቴትራሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ደግሞ “ሆዴን እንዳይጎዳኝ” ብሎ በወተት ይወስደዋል። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም በእኔ ላይ የደረሰውን ዓይነት ነገር ያደርስበታል።

ራስ ምታት ሲጠናበት ፓራሲታሞል ላይ የጉንፋን መድኃኒት የሚደርብም አለ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች በውስጣቸው ያው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሳያውቅ እጥፍ ይወስዳል። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ክኒን፣ ጣሪያው ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል።

ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ለመግዛት በሩጫ ገብታ በሩጫ የምትወጣ እህታችንንም አንርሳ። ክኒኑ እርግዝናን እንጂ ኤች አይ ቪን አይከላከልም። ለቫይረሱ ተጋልጬ ይሆናል ብሎ የሚሠጋ ሰው፣ በተለይም የመደፈር አደጋ የደረሰባት ልጅ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ዕለት፣ ጤና ተቋም መድረስ አለባት። እዚያ ለ28 ቀን የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት አለ። ይህን የሚነግራት ሰው ያለው መስኮቱ ጋ ነው፤ ቆማ ካልጠየቀች ግን ሳትሰማው ትሄዳለች።

ለባለሙያው የምንነግረው

1. አሁን የምንወስደውን መድኃኒት ሁሉ፤ ቫይታሚኑን፣ የባህል መድኃኒቱንና ከሱቅ የገዛነውን ጨምሮ።
2. ከዚህ በፊት ያልተስማማን፣ ሰውነታችንን ያሳበጠ ወይም ያሳከከ መድኃኒት ካለ።
3. የቆየ ሕመም፣ ለምሳሌ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የአስም ወይም የስኳር በሽታ ካለብን።
4. መድኃኒቱ የሚወሰደው ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት ወይም ለሕፃን ከሆነ።

ባለሙያውን የምንጠይቀው

1. የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ለምንድን ነው የሚሰጠኝ?
2. ስንት፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን ልውሰድ?
3. ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከምን ጋር አልውሰድ?
4. ምን የጎንዮሽ ጉዳት አለው? የትኛውን ሳይ ነው ቶሎ ተመልሼ የምመጣው?
5. አንድ ጊዜ ብረሳ ምን ላድርግ?
6. የት ላስቀምጠው? የሚያበቃበት ቀንስ መቼ ነው?

መልሱን ሰምታችሁ “እሺ” ብላችሁ ብቻ አትውጡ። “እንግዲህ እንዲህ አድርጌ ነው የምወስደው?” ብላችሁ በራሳችሁ አፍ ድገሙላቸው። ተሳስታችሁ ከሆነ እዚያው ያርሟችኋል። ከወሰዳችሁት በኋላ ያልተጠበቀ ጉዳት ቢያደርስባችሁ ወይም መድኃኒቱ ቢያጠራጥራችሁ ወዲያው ለባለሙያው ተናገሩ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ጥቆማ ይቀበላል።

ከኋላዬ ሰው ቆሞ ከሆነስ?

እኔን ያሸነፈኝ ይሄ ነበርና ያገኘሁትን መላ ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት አለመሄድ። ሁለተኛ፣ “ለብቻ ላነጋግርዎ እችላለሁ?” ብሎ መጠየቅ፤ ይህ ነውር አይደለም፣ የተገልጋይ መብት ነው። ባለሙያውም የሰማውን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ሦስተኛ፣ የምንወስደውን መድኃኒት ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መስጠት። እኔ ዛሬ በደብተሬ ሽፋን ውስጥ አንዲት ወረቀት አለችኝ፤ “ዶሉቴግራቪር እወስዳለሁ” ትላለች። ማንም ሳይሰማ አሳያለሁ። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ካልሆነልን ምንም ሳንገዛ ወጥተን መድኃኒታችንን ወደምንቀበልበት ፋርማሲ ሄደን መጠየቅ።

በቅርቡ ጉንፋን ይዞኝ ወደዚያው የመጀመሪያው መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ያው ባለሙያ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ “ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?” ወረቀቷን አውጥቼ ሰጠሁት። አነበባት፤ አጥፎ መለሰልኝና፣ “ጥሩ አደረግህ። ይሄኛው ከእሱ ጋር አይጣላም” ብሎ ሌላ ምንም ሳይል መድኃኒቱን ሰጠኝ። በቃ፣ ይኸው ነው! አራት ወር ሙሉ የፈራሁት ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

በክበባችሁ ተወያዩበት

ሀ. በቤታችሁ ከሌላ ሕመም የተረፈ መድኃኒት አለ? ምን ሲደረግበት አይታችኋል?
ለ. ጓደኛችሁ የራሱን መድኃኒት ቢሰጣችሁ ሳታስቀይሙት እንዴት እንቢ ትሉታላችሁ?
ሐ. ከክፍላችሁ አንድ ልጅ መድኃኒት ቤት ውስጥ ከፊታችሁ ቆሞ ብታዩት፣ ሳይሸማቀቅ እንዲናገር እናንተ ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አደራ በደንብ ተወያዩባት። ያን ቀን ከኋላዬ የቆሙት ሁለቱ የክፍሌ ልጆች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉልኝ ኖሮ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረኝ ነበር።

ሰላም ሁኑልኝ!