ጓንት የሚጠለቀው ለማን ነው?

ውድ ተማሪዎች፣ በአንዲት የገጠር ከተማ አነስተኛ ሆስፒታል በማህበራዊ ሠራተኛነት ስሠራ ከእኩዮቻችሁ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ አለ፦ «ነርሷ ለአባቴ ጓንት ያጠለቀችው ቫይረሱ አለበት ብላ ነው እንዴ?» ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዚህ ጥርጣሬ ሳይታከም ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አለና።

መልሱ «አይደለም» ነው። በደም ውስጥ ያለ ቫይረስ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ባለሙያው የማንንም ደም፣ ሕፃን አዋቂ ሳይል፣ ተላላፊ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠነቀቃል። ጓንት የማንም መለያ አይደለም፤ ታካሚንም ሐኪምንም ይጠብቃል። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ሲኬድም ይቀየራል።

አደጋው ምን ያህል ነው? ኤች አይ ቪ ያለበት ደም በነካው መርፌ የተወጋ ሰው በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 አጋጣሚ 3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተበ ሰው ላይ ከ100 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ የሚጣለው። ሳጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። የተወጋ ሰው ቦታውን በውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለውን መድኃኒት ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጀምሮ ለ28 ቀናት ይወስዳል።

«ውሃ በሚጠፋበት ገጠር ይህ ሁሉ እንዴት ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ካለ እጅ መታጠብ አይቀርም። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ዶክተር ኢግናዝ ሰመልዌይስ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ የወላዶች ሞት እጅግ ቀንሷል። ትልቅ መሣሪያ አላስፈለገውም።

እናንተም ቤተሰብ ስታስታምሙ፦

1. በሽተኛውን ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ በሳሙና ታጠቡ።
2. ደም ከፈሰሰ በባዶ እጅ አትጥረጉ፤ ነርስ ጥሩ።
3. የወደቀ መርፌ አታንሱ፤ ለሠራተኛ ተናገሩ።
4. «ሲስተር፣ መርፌው አዲስ ነው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ማጫወት፣ እጅ መጨበጥና አብሮ መብላት ግን ኤች አይ ቪን አያስተላልፉም። ከመርፌው እንጠንቀቅ፤ ከሰውየው አንሽሽ።

ለውይይት፦ ጓንት ቫይረሱ እንዳለበት ለታወቀ ታካሚ ብቻ ቢጠለቅ ማን ይጎዳል? በክበባችሁ ተነጋገሩበት።