የጨቅላ ሕፃናት ተቅማጥና የአንጀት ባክቴሪያዎች፦ በወረርሽኝ ወቅት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በሚስፋፋበት ወቅት አንዳንድ እናቶች በሽታው ወደ ልጃቸው እንዳይተላለፍ በመስጋት ጡት ማጥባት ሊያቋርጡ ይችላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘው ወደ ጤና ተቋም መሄድን ሊፈሩ ይችላሉ። ሁለቱም ውሳኔዎች ሕፃኑን ለመጠበቅ ታስበው ለባሰ አደጋ ያጋልጡታል። ምክንያቱን ለመረዳት በሕፃኑ አንጀት ውስጥ የሚከናወነውን ማወቅ ይጠቅማል።

የጡት ወተትና ጠቃሚ ባክቴሪያዎች

ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ አምጪ አይደለም። ሕፃኑ ከተወለደ ጊዜ ጀምሮ ከእናቱና ከአካባቢው የሚያገኛቸው ባክቴሪያዎች በአንጀቱ ይሰፍራሉ። በጡት ወተት ውስጥ የሕፃኑ ሆድ ሊፈጫቸው የማይችል የስኳር ዓይነቶች ይገኛሉ። እነዚህም ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናሉ። ባክቴሪያዎቹ በበኩላቸው አሲድ በማመንጨት አንጀቱ ለበሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንዳይመች ያደርጋሉ። እንገርም በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን በብዛት ስለያዘ ሊደፋ አይገባም። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ቅቤ፣ የስኳር ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ መስጠት ግን የሚጠባውን ወተት ይቀንሳል፤ ጀርምም ሊያስገባ ይችላል።

ሕፃኑ ተቅማጥ ሲይዘው

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሰገራው በተፈጥሮው ለስላሳ ነው፤ በቀን ብዙ ጊዜ መውጣቱም ብቻውን ሕመም አይደለም። ከወትሮው ተለይቶ ውኃ ሲበዛበትና ሲደጋገም ግን ተቅማጥ ነው። የተቅማጥ ዋናው አደጋ ከሰውነት ውኃንና ጨውን ማሟጠጡ ነው። ስለዚህ፦

• ጡት ከወትሮው በበለጠ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፤
• አንዱን የ1 ሊትር ኦ.አር.ኤስ. ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ በጥብጦ፣ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት፤ ከ24 ሰዓት ያለፈውን መድፋት፤
• ባለሙያ ዚንክ ካዘዘ፣ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን መስጠት፤
• ያለ ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አለመስጠት፤ መድኃኒቱ እንደ ሮታ ባሉ ቫይረሶች የሚመጣን ተቅማጥ አያድንም፣ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል፤
• ግግ ከማስወጣትና እንጥል ከማስቆረጥ መቆጠብ፤ እነዚህ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ እንጂ ተቅማጥን አያቆሙም።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ

ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ተቅማጥ ከያዘው ሳይዘገይ ሊመረመር ይገባል። በማንኛውም ዕድሜ ያለ ሕፃን ጡት መጥባት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ካተኮሰው፣ የጠባውን ሁሉ ካስመለሰው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ወረርሽኙን በመፍራት መዘግየት አይገባም፤ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባትም ሊቋረጥ አይገባም።

እናት በኮሮና ብትያዝ

በኮሮና የተያዘች ወይም የተጠረጠረች እናት ጡት ማጥባቷን ትቀጥል። ከማጥባቷ በፊትና በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ስታጠባም አፍና አፍንጫዋን በማስክ ትሸፍን። ለማጥባት አቅም ካጣች የታለበው ወተቷ በጤነኛ ሰው አማካይነት በንጹሕ ሲኒ ይሰጥ። ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ስለሆነ አይመከርም።

ሕፃኑን ከቫይረሱ የምንጠብቀው በንጹሕ እጅና በማስክ ነው፤ ከእናቱ ጡት በመለየት አይደለም።