መንገዳችን ስፖርታችን ይሁን



በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ደጋግሜ ከምሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስኳሬ አልወርድ አለ፤ ሌላ ክኒን የለም ወይ?» የሚል ነው። «እንቅስቃሴስ ታደርጋላችሁ?» ስል ደግሞ «ጊዜ የት ይገኛል?» እባላለሁ። በዛሬው ዓምዳችን ለስፖርት ሌላ ሰዓት ሳንፈልግ፣ የግድ የምንሄደውን መንገድ በሩጫና በብስክሌት ወደ ጤና ስለመለወጥ እንማማራለን።

ለምን ያስፈልጋል?

ስንንቀሳቀስ ጡንቻችን ከደም ውስጥ ስኳር እየወሰደ ይጠቀምበታል፤ ኢንሱሊንም በተሻለ ሁኔታ ይሠራል። ልብ ይጠነክራል፤ የደም ግፊትም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ወደ ሥራ 15 ደቂቃ በብስክሌት የሚሄድ ሰው በደርሶ መልስ 30 ደቂቃ፣ በአምስት ቀን 150 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። የባጃጅ ሒሳቡም ኪሱ ቀረ።

አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ በአሰላ አካባቢ ደብተሩን በክንዱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ እንደነበር ይታወቃል። ሩጫው መጓጓዣው ነበር።

በዕለት መንገድ

1. ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን ስምንት ጊዜ ብትደጋግሙ 24 ደቂቃ ይሆናል። ማውራት እየቻላችሁ መንዙማ ማዜም ካቃታችሁ ልኩ ላይ ናችሁ።

2. ብስክሌት ከመንዳታችሁ በፊት ፍሬኑንና ጎማውን ፈትሹ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ትንሽ ብቻ ይጠፍ፤ ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ አትያዙ።

3. ደምበጫን የሚያቋርጠው የደብረ ማርቆስ–ባሕር ዳር አስፋልት የከባድ መኪና መንገድ ነው። በብስክሌት ቀኝ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተቻለ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ምረጡ። ሄልሜት አድርጉ፤ ሲመሽ መብራት ይኑራችሁ።

በሳምንት መጨረሻ ጉዞ

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ በሩጫ ተሽቀዳድመው ማሸነፏ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ እሳቸው መቅደማቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እንግዲህ በጉዞ ላይ መሮጥ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ ሻንጣችሁ ውስጥ የስፖርት ጫማ ጨምሩ። መኪና ላይ ቁጭ ብሎ የዋለ እግር በማግሥቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሲነጋ፣ 20 ደቂቃ ይሩጥ። ቁርስም ይጣፍጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንፋሽ ያጥረዋልና ለጥቂት ቀናት በእርምጃ ብቻ ይለማመድ።

ለእህቶች

ረጅም ልብስ በብስክሌት ሰንሰለት ተይዞ ይጥላል። የሰንሰለት መሸፈኛ ያለውና የላይኛው ብረት ዝቅ ያለው የሴት ብስክሌት ይመረጣል፤ ከሥር ሰፊ ሱሪ ይለበስ፤ የሒጃቡ ጫፍም ይታሰር። በአዳማ አካባቢ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን አሸንፋ ሜዳሊያዋን በሒጃብ ተቀብላለች።

መድኃኒት ለምትወስዱ

• ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ በእንቅስቃሴ ስኳራችሁ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ተምር ወይም ስኳር ይዛችሁ ውጡ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ማዞር ከመጣ ቁሙና ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ይህን የሚያመጣው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

• ከሩጫ በፊት ኢንሱሊን ጭን ላይ አትወጉ፤ ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ሆድ ላይ ይሻላል።

• አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትን ስለሚቀንሱ የስኳር መውረድ ሲያጋጥም የልብ መምታትና መንቀጥቀጡን ይደብቃሉ። ላቡ ግን ይታያል፤ እሱን ተከታተሉ።

• የስኳር ሕመምተኛ ማታ ማታ እግሩን ይመልከት፤ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ሊከፋ ይችላል።

• ደረት ከጨነቀ ወይም ራስን ከሳተ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም! ስኳሩ ወይም ግፊቱ ቢሻላችሁም መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን አማክሩ።

በረመዳን የምትጾሙ ደግሞ ከበድ ያለውን እንቅስቃሴ ከኢፍጣር በኋላ፣ ውሃ ጠጥታችሁ አድርጉት።

ሰውነታችን ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። ለነገ ሥራችሁ፣ ለልጆች ትምህርት ቤት ወይም ለመስጂድ ከምትሄዱባቸው መንገዶች አንዱን ዛሬውኑ ምረጡና በእግር ወይም በብስክሌት ጀምሩ። አላህ (ሱ.ወ.) ጤናውን ይስጠን። ወቢላሂ ተውፊቅ።