ሻይ የመሰለ ውሃና ክሎሪን

ፔዳ አካባቢ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ከዓባይ ወይም ከጣና የሚቀዳ ቤተሰብ አለ። «ዘቅጦ ጠርቶ ነበር፣ ውሃ አጋርም ጨምሬበታለሁ፤ ታዲያ ልጁን ለምን ተቅማጥ ያዘው?» ትሉ ይሆናል።

በክረምት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ወደ ጣና የሚያስገቡት ጭቃ ብቻ አይደለም። የበሰበሰ ቅጠል፣ ሣርና ገለባ ልክ እንደ ሻይ ቅጠል ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ጭቃው ሲዘቅጥ ይህ የሟሟ ነገር አይዘቅጥም፤ በነጠላ ብታጠልሉትም ያልፋል። በራሱ መርዝ አይደለም፤ ለውዱእም አይከለክልም። ችግሩ ክሎሪኑን መሻማቱ ነው፤ ክሎሪኑ ጀርሙን ሳይገድል ከእርሱ ጋር ተዋህዶ ያልቃል። (ከዚህ ውህደት ትራይሃሎሜቴን የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ለብዙ ዓመታት በብዛት ከተጠጡ ያሰጋሉ። ይህን ፈርቶ ክሎሪን መተው ግን ከኮሌራ ጋር መጫወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ጀርም መግደሉን ያስቀድማል።)

ስለዚህ ውሃው ቢጠራም መልኩ ሻይ ከመሰለ እንደ ድፍርስ ቁጠሩት። መጀመሪያ ይዝቀጥ፤ በንጹህ ወፍራም ጨርቅ አጥልሉት፤ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ለድፍርስ ውሃ የተጻፈውን መጠን ጨምሩ። ከ30 ደቂቃ በኋላ አሽትቱት። ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ድገሙና ጠብቁ። ሽታውን ለማጥፋት ሎሚ የምትጨምሩ እናቶች፣ ሎሚ ክሎሪኑን ራሱን ስለሚያጠፋው ጊዜው ሳይሞላ አትጭመቁ።

ማገዶ ላለው ማፍላት ይህ ጣጣ የለበትም፤ ባሕር ዳር ላይ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ደግሞ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።