በሌላው ስም ወድቆ በራሱ ስም የተነሣ ሰው

የመርካቶ ልጅ ሆኖ የጃኪ ቻንን ስም ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አባቴ በወጣትነቱ ሲኒማ ራስ አካባቢ ጭነት ተሸክሞ ያገኛትን ሳንቲም ይዞ፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የዚህን ሰው ፊልም ያይ እንደ ነበረ ይነግረናል። እኔም በዐሥራ ሁለት ዓመቴ እርሱን እመስላለሁ ብዬ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ በአንድ ሱቅ ሸራ ላይ ዘለልሁ። ፀሐይና ዝናብ የበላው ሸራ ስለ ነበረ ተቀደደ፤ ክንዴም ተሰበረ። አባቴ ወደ ወጌሻ ሲወስደኝ አልተቈጣም፤ «ሸራውን አስቀድመህ አይተኸው ነበርን? ሸክም ሳይነሣ እኮ ገመዱ ይፈተሻል» አለኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ጃኪ ቻን በ1954 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ተወለደ፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ቻን ኮንግ ሳንግ ይባላል። አባቱ በአውስትራልያ፣ በካንቤራ ከተማ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ የወጥ ቤት ሥራ ስላገኘ፣ ልጁ የፔኪንግ ኦፔራ የተባለውን የቻይና ጥንታዊ ቴአትር በሚያስተምር አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል መገለባበጥን፣ የትግል ጥበብንና ዜማን በብርቱ ቅጣት ተማረ።

ትምህርቱን ሲጨርስ ግን ያ ቴአትር ተመልካች እየራቀው ሄዶ ነበርና በፊልም ሥራ ጉልበቱን እየሸጠ መኖር ጀመረ። ሥራውም ይህ ነበረ፤ ታዋቂው ተዋናይ መውደቅ ወይም መመታት ሲኖርበት፣ የእርሱን ልብስ ለብሶ በምትኩ መውደቅ። ተመልካች የዚህን ዓይነቱን ሠራተኛ ፊቱን አያይም፤ ስሙንም አይጠይቅም። በ1972 ዓ.ም. በወጣው የብሩስ ሊ ፊልም መጨረሻ ላይ፣ በእርግጫ ተመትቶ የሚወረወረውን ጠላት ተክቶ የወደቀው ጃኪ ቻን ነው። በኋላም ሥራ ሲጠፋ ወደ ወላጆቹ ሄዶ በካንቤራ የግንባታ ሠራተኛ ሆነ። ጃኪ የሚለው ስም የወጣለት በዚያ ነው።

ሆኖም ወደ ሆንግ ኮንግ ተመልሶ በ1978 ዓ.ም. ዋና ተዋናይ በሆነባቸው ሁለት ፊልሞች ዝና አገኘ፤ በ1979 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያ ፊልሙን ራሱ አዘጋጀ። በ1983 ዓ.ም. ባዘጋጀው «ፕሮጄክት ኤ» በተባለው ፊልም ከሰዓት ማማ ላይ ይወድቃል። ከማማው በታች ሁለት ሸራዎች ተወጥረዋል። የመጀመሪያው ሲቀደድ የአወዳደቁን ኀይል ይቀንሳል፤ ሁለተኛውም ከቀረው ላይ ይቀንሳል። እርሱ እንኳ ፈርቶ ለቀናት አዘግይቶት ነበረ። እንግዲህ የእርሱም ሸራ ተቀደደ፣ የእኔም ተቀደደ፤ ልዩነቱ የእርሱ ታስቦበት የተወጠረ መሆኑ ነው። እኔ ዝላዩን እንጂ ዝግጅቱን አላየሁም ነበር።

ዝግጅትም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዩጎዝላቪያ ሲቀርጹ፣ ከግንብ ላይ ወደ ዛፍ መዝለሉ በመጀመሪያው ሙከራ ተሳክቶለት ሳለ፣ የበለጠ እንዲያምር ብሎ ደገመው። ቅርንጫፉ ተሰበረና ራሱን ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ የራስ ቅሉ ስለ ተሰነጠቀ በቀዶ ሕክምና ተረፈ።

በዚህ ሰው ሕይወት ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ፣ ከፍ ካለ በኋላ የወደቁትን አለመርሳቱ ነው። በ1981 ዓ.ም. ሃል ኒድሃም በተባለ፣ እርሱም ቀድሞ በተዋንያን ምትክ ይወድቅ በነበረ አሜሪካዊ አዘጋጅ ፊልም ውስጥ ተጫውቶ ነበር። በዚያ ፊልም መጨረሻ የተበላሹ ቀረጻዎች ሲታዩ ተመልክቶ፣ በራሱ ፊልሞች መጨረሻ ላይ የባልደረቦቹንና የራሱን ስሕተትና ጉዳት ማሳየት ጀመረ። በዚህም ተመልካች ሁሉ የደስታውን ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ለማየት ቻለ። በ2016 ዓ.ም. የክብር ኦስካር ተሸለመ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ የኦስካር አካዳሚ፣ ከ2027 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚወጡ ፊልሞች ለዚህ አደገኛ ሥራ ራሱን የቻለ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ጓደኞቼ ሆይ! በመርካቶ በየቀኑ ስማቸውን ሳንጠይቅ በአጠገባችን የሚያልፉ ተሸካሚዎች አሉ። በሱቁ ላይ የሚጻፈው የነጋዴው ስም ነው፤ ዕቃውን ያደረሰው ጀርባ ግን የሌላ ሰው ነው። ከዚያ ጀርባ አንዱ እኔን አሳድጎ ለዚህ ክፍል አድርሶኛል። እንግዲህ ዝላዩን ከማድነቃችን በፊት ሸራውን፣ ዕቃውን ከመግዛታችን በፊት የተሸከመውን ሰው ማየት እንልመድ።